ባልሽ እንግዳ ያመጣ ዕለት

ውድ እትዬ፣

ሌላ ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ላንቺው ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ትናንት ባልሽ ሊያገባት ያሰባትን ሴት ይዞ እኔ ቤት እራት መጣ። የጠራኋቸው እኔው ነኝ። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ኑሮው ጋራዥ ውሎ፣ ማታ ከልጅሽ ጋር አቀርቅሮ መብላት ሆነ። እያየሁ አንጀቴ አልችል አለ።

ልጅሽ ግን ነገሩን ከሰማች ጀምሮ ኩርፊያዋ ለጉድ ነው። እራቱን እዚህ ያደረግሁትም ለሷ ብዬ ነው፤ ያንቺ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ስትቀመጥ እንዳታይ። ቀድማ መጥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

ለጠረጴዛው ማስዋቢያ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ነበር። የፕላስቲክ አበባው፣ ሪባኑ፣ አንድ ቀን ተነጥፎ የሚጣለው ወረቀት፣ ዋጋቸውን ስሰማ ክው አልኩ። ለነገ ቆሻሻ! ባዶ እጄን ስመለስ አንቺ ትዝ አልሽኝ። የተመረቅሁ ጊዜ ከስፌትሽ የተረፈውን ቁርጥራጭ ገጣጥመሽ የጠረጴዛ ልብስ ያደረግሽው፣ ጎረቤት አጥሩን ሲከረክም የጣለውን ቅጠል ታቅፈሽ የገባሽው። አባባ ቅጠሉን አይቶ፣ ፍየሏን የት ልታስሪያት ነው ብሎ እንዴት አሳቀን!

እኔም እንዳንቺ አሮጌ አንሶላ ተኩሼ አነጠፍኩ። የማርማላታ ጠርሙሶች አጥቤ ከጓሮ የቆረጥኩትን ቅጠልና አበባ ሰካሁባቸው። መሃል ላይ ብርቱካን ደረደርኩ፤ ኋላ ይበላል። ካረጀ ቀሚሴም የእጅ መጥረጊያ ቆረጥኩ።

ሴትዮዋ ነርስ ናት፤ ዝምተኛ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ልጅሽ ውኃ ልትጠጣ ብቅ ስትል ጠረጴዛውን አየችና ቆመች።

"እማዬ እንዲህ አታስረዝመውም ነበር" አለችኝ። "ሰው ከሰው አይተያይም ትል ነበር።"

መቀስ አምጥታ ቅርንጫፎቹን ማሳጠር ጀመረች። ባልሽ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሳችና "ላግዝሽ?" አለቻት።

ልጅሽ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ አንዱን ጠርሙስ ወደሷ ገፋ አደረገችላትና፣ ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ከገባ እንደሚሸት ነገረቻት። ጎን ለጎን ቆመው ጨረሱት። ስንበላ ብዙ አላወሩም፤ ግን ልጅሽ ከማዕዱ አልተነሳችም።

ባልሽ ሴትዮዋን ሊሸኝ ሲወጣ፣ ልጅሽ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ መጥታ፣ "እማዬ ትቀየመኛለች?" አለችኝ።

"አትቀየምሽም" አልኳት። ሳላስፈቅድሽ ባንቺ አፍ መለስኩ። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም። ከዚያ ብርቱካን ልጠን ተካፈልን።

ናፍቆትሽ አልወጣልኝም፤ እንዲወጣልኝም አልፈልግ። ልጅሽ ግን አደራዬ ናት፣ ዓይኔ ከሷ አይነቀልም።

ከኋላሽ አልጠፋ ብላ "ጭራዬ" ያልሻት፣
ታናሽ እህትሽ