በደቂቃ ሃያ ስድስት ዙር

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ክረምቱን እንዴት ቻለው? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ፣ ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከዳሌዬ በስተቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጥርሴም አለ። ለሁለቱ ደብዳቤዎችህ የላክሁልህ አጭር መልስ እንዳስከፋህ አውቃለሁ። ይሄኛው ረዘም ይላል፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ አኗኗሬን ልንገርህ። ከልጄና ከባሏ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ደረጃው ስድሳ ስምንት ነው። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ፣ ስምንት ወር ሊሞላው ነው፣ መሬት አልረገጥኩም። አንድ ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ልወርድ ተነሣሁና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ ሁለት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ወደ ስፌት ፋብሪካው ስትሄድ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። አባዬ፣ እሺ ስለማትል ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እሺ አልልም። መስኮቱ የሚያሳየኝ የሚቀጥለውን ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ ስንጥቁን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ያቆዩኝ የሙዚቃ ሸክላዎቹ ናቸው። የሰፈራችን ሆቴል ሲዘጋ ያመጣኋቸውን ሦስት ሣጥን ሙሉ ሸክላዎች ታስታውሳለህ። ከየአገሩ የተሰበሰቡ ናቸው፤ አንዱ አኮርዲዮን ነው፣ የአንዱ ከበሮ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፣ አንዱ ደግሞ ክራር መሳይ ነገር ነው፤ በስንት እጅ እንደሚመቱት እስካሁን አልገባኝም። ከቋንቋቸው አንድ ቃል አላውቅም፤ የምወዳቸውም ለዚሁ ነው። ዛሬ ሬዲዮ ላይ የሚዘፍነው ሁሉ ወይ ይመክረኛል ወይ ይለማመጠኛል። እነዚህ ምንም አይሉኝም። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ ዘይት ውስጥ እንደ ገባ ሽንኩርት ቸስ ቸስ ይላል፣ ከዚያ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ትንፋሹ ይሰማኛል። ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ታውቀዋለህ፤ “ሽማግሌው” የምለውን ዘፋኝ። ድምፁ ወፍራም፣ ሐዘንተኛ፣ የማይቸኩል። እንደኔው በር የተዘጋበት ሰው ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ አዲስ ማጫወቻ ገዝቶ መጣ። የኔን ታውቀዋለህ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ሞተሩን ከአንዱ፣ ክንዱን ከሌላው ለቃቅሜ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። ቀበቶው የሚዞርባትን ትንሿን ብረት ጆሮዬ በቃ እስኪለኝ ድረስ ነው በሞረድ የሞረድኳት። ሹፌሩ ግን ይሄስ ጡረታ ይውጣ ብሎ ቀለደበት። እኔም ሽማግሌውን አዲሱ ላይ አስቀመጥኩት።

ወንድሜ፣ ሽማግሌው ሴት ናት። ያውም ወጣት! ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከኋላዋ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ እስከዛሬ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነበር የሚመስለኝ። ማሽንህ ተበላሽቷል፣ መልሰህ ውሰደው አልኩት። እሱ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም፤ ታውቀኛለች።

በማግስቱ በሩ እንደ ተቆለፈ ሥራዬን ጀመርኩ። ሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። አዲሱ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ዙር ከምናምን ይዞራል፤ ሸክላውም የተሠራው ለዚያ ነው። የኔው ሃያ ስድስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት። ብረቷን አብዝቼ ሞርጄያታለሁ፤ በቀጠነች ቁጥር ማጫወቻው ይዘገያል። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን በሰዓት ለክቼ አላውቅም፤ ጆሮዬን ነበር የማምነው።

የባሰውን ስማ። ጥገና ቤቴ የመጣውን ማጫወቻ ሁሉ ያስተካከልኩት በዚሁ ልክ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በኔ ፍጥነት ጨፈረ። አንተና ሚስትህ በሠርጋችሁ ቀን እንደ ቀብር ሸኚ እግራችሁን ስትጎትቱ የነበረው ጫማችሁ ጠቦ አልነበረም። ከሠርጉ በኋላ መጥተህ፣ ጋሼ፣ ይሄ ማጫወቻ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል አልከኝ። እኔም ሰው ፊት፣ የአናጺ ጆሮ ይዘህ አትምጣብኝ፣ ሂድና ሚስማርህን ምታ ብዬ አባረርኩህ። ጥገና ቤቱን እስክዘጋ ድረስ ደጄን አልረገጥክም። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁን፣ ና ከኛ ጋር ኑር፣ ቤታችን ምድር ላይ ነው፣ በሩ ወደ መንገድ ነው የሚከፈተው ብለህ ሁለቴ ጻፍክልኝ። ልጄ ያለኔ አትችልም ብዬ የመለስኩልህ ውሸት ነው። ተሳስተሃል ካለኝ ሰው ጣሪያ ሥር አልገባም ብዬ ነው።

ልክ ነበርክ። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ብረቷን በሌላ መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አልቀየርኳትም። ዓለም ሁሉ እንደኔ እያዘገመ የሚያዝን ሲመስለኝ ይህ ክፍል ይበቃኝ ነበር። አሁን የትኛውንም ሸክላ ባነሣ ሰዎቹ ሲጨፍሩ እንደነበር አውቃለሁ። ክፍሉ ጠበበኝ፣ ወንድሜ።

ስለዚህ መጥተህ ውሰደኝ። ልጄን ክፉ እንዳትናገራት፤ እኔ ነኝ ያስገደድኳት። እሑድ ሁለቱም ቤት ናቸው። ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ አውርዱኝ፤ ሹፌሩ ከታች፣ አንተ ከላይ፤ ወገብህ እንቢ ካለ ሰው ይዘህ ና። ደረጃው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልናገርም። እንዴት እንደምትይዙኝ ግን ከመነሣታችን በፊት እነግራችኋለሁ።

ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፤ ጨው እንደምቀንስ ንገራት፣ ሌላ አላስቸግራትም። አስተማሪዋን ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ። ለአፈ ጮሌው ልጅህ፣ አጎትህ ክርክር ይዞልህ ይመጣል በለው። ለአማትህ እጅ ነሥቻለሁ፤ ጆሯቸው ተሻላቸው ወይ?

የፊታችን እሑድ ካልተመቸህ የሚቀጥለው ይሁን። እኔ እሑድ እሑድ ጧት ጫማዬን አስሬ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ

አራተኛ ፎቅ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን