አባባ የገፉት ግራጫ መኪና

ይድረስ ባሕር ላይ ለምትኖረው ወንድሜ ለሃልቮር፤

ከነመርከብህ፣ ከነጓደኞችህ፣ ማዕበል ካየ ከሚገለበጠው ሆድህ ጋር እንደምን ሰነበትክ? እንቅልፍ ታገኛለህ? ጥርስህስ ተሻለህ? እኛ በሕይወት አለን። አያታችን ኦስካርም አሉ፤ ቀድሟቸው የሄደው ጆሯቸው ብቻ ነው። የአባባ ነገር ግን ረዘም ስለሚል ቁጭ ብለህ አንብበው።

በመከር አንድ የዕቃ ማመላለሻ ከባድ መኪና ቀይ መብራት ጥሶ የአባባን የወተት ቦቴ እንደመታው ነግረንሃል። ያልሰማኸው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። በማግስቱ የከባድ መኪናው ኢንሹራንስ ሰው ለአባባ ደወለና ድምፃቸውን እየቀዳ እንዴት ነዎት አላቸው። አባባም እንደ አገራችን ሰው "ደህና ነኝ፣ ከዚህም የባሰ አለ" አሉት። እግራቸው ቢቆረጥ እንኳ የሚሉት ይህንኑ ነው። ያን ቀን ጠዋት ወገባቸው አልታጠፍ ብሎ ካልሲያቸውን ያጠለቀችላቸው እማዬ ነበረች።

ጠበቃችን ወይዘሮ ዴላኒ ያንን ቅጂ ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ነገሩን አስረዳችን። መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት ይሰበሰባል፤ ቀጥሎ ጉዳቱ ተዘርዝሮ ካሳ ይጠየቃል፤ ኢንሹራንሶቹ ገንዘቡን ይቀንሳሉ፣ እኛ እንከራከራለን፤ ካልሆነ ሽምግልና፣ ያም ካልሆነ ዳኛ ፊት ነው። አንዴ ተስማምተው ከፈረሙ ግን ነገ ወገባቸው ለሁለት ቢከፈል ተመልሶ መጠየቅ የለም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና አይቀርላቸውም፣ ቦቴም ከእንግዲህ አይነዱም ብሏል። አያታችን በበኩላቸው በልጅነታቸው ፈረስ ረግጧቸው ማንንም አለመክሰሳቸውን አወሩልን። ፈረሱ ኢንሹራንስ አልነበረውማ አልኳቸው። ደግነቱ አልሰሙኝም።

ጥር ላይ ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ግራጫ መኪና ሦስት ቀን ቆመ። ውስጡ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው አለ። አያታችን የጎረቤታችን የመበለቲቱ የወይዘሮ ሉንድ ወዳጅ ነው ብለው ፈረዱና መጋረጃው ሥር ወንበር አስጠግተው ይጠብቁት ጀመር። በሦስተኛው ቀን በረዶ ሲጥል አደረ፤ ሰውየው ሊሄድ ቢሞክር ጎማው እዚያው ይሽከረከራል። ታውቃለህ፣ በእኛ ሰፈር በረዶ የያዘውን ሰው በመስኮት አይቶ የተቀመጠ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምን ፊቱ ይገባል? አባባ ካፖርታቸውን ሳይቆልፉ ወጡ። እማዬ "አርቪድ፣ ወገብህን" ብትል ማን ሰምቷት። አሸዋ በተኑለት፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉለት። ሰውየው እጁን አውለብልቦ ሄደ። አባባ ገብተው የማድ ቤቱ ወለል ላይ ተዘረሩ።

ለካስ ሰውየው አባባን እንዲሰልል ኢንሹራንሱ የላከው ኖሯል። ካሜራው የኋላ መስኮቱ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት የእነሱ ጠበቃ አባባን አስምሎ ፊልሙን አሳያቸው። የቀላ ፊታቸው መስኮቱን ሞልቶታል። "ሲገፉ አሞዎት ነበር?" አላቸው። አባባም "ሰውየው በሰላም ቤቱ ገባ?" አሉ። ወይዘሮ ዴላኒ ይህን ስትነግረን ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየላትም።

ለሽምግልናው አንድ ወር ተኩል ቀርቶናል፤ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ጤነኛ ነው ካሉ የሚከፍልልን ስለማይኖር ቀዶ ሕክምናው ይቀራል። ስለዚህ አባባ ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ አሁን ምን እንደሆኑ ቤተሰቡ መጻፍ አለበት። የቀድሞውን አንተ ጻፍ፤ ጀልባውን ብቻቸውን ተሸክመው ሐይቅ ድረስ የወሰዱበትን ቀን አትርሳ። የአሁኑን እኔ ጻፍኩ። መኪናውን ከገፉ በኋላ ሁለት ቀን ወለል ላይ መተኛታቸውን፣ ሾርባ በመምጠጫ ማጠጣቴን አልደበቅኩም። ከጀርባቸው እንዳይሆን ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

ጠዋት ሳየው "ሁለት" የሚለው በእርሳስ ተሰርዞ "አምስት" ተብሎ ተጽፎበታል። ለካ በቀሩት ሦስት ቀናትም እማዬ ሥራ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስንውል እዚያው ወለል ላይ ተኝተው ይውሉና መምጫዬ ሲደርስ ግድግዳ ይዘው ተነሥተው ወንበር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። አያታችን ያውቁ ነበር፤ በሕይወታቸው የጠበቁት ምስጢር ይህ አንድ ብቻ ነው።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ትስምሃለች። አያታችን መርከቡን ራስህ እንደምትነዳው ለሰው ሁሉ እየነገሩ ነውና እንዳታሳፍራቸው። አባባን ናፍቀሃቸዋል። ጽሑፍህን ሳትውል ሳታድር ላክልን።

እህትህ ብሪታ
ሊንድቪክ፣ ሚኒሶታ
መጋቢት 4 ቀን 2019