ወደ መንገድ የሚከፈተው በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሳ ሰዓት

ዛሬም ብቻዬን። ሽሮ። ከቢሮ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ሲያልፍ አየሁ። አዲሱ አዳራሽ ላይ ወደ አስፋልቱ የሚከፈተውን በር በብሎኬት ደፍነውታል። ወረድኩ። ዝናብ። ግንበኛው ኮሚቴው አዞኝ ነው አለ።

ደብተሬ፣ ያንን ፕላን የሠራሁት እኔ ነኝ። አራት ወር፣ በነፃ። ሁለት በር ለምን እንዳደረግኩ ሁሉም ያውቃል። አምና በገበያ ቀን ተኩስ ተሰማ ተብሎ ከተማው ሲሯሯጥ፣ ሕዝቡ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ገባ። እዚያም ደነገጠ። በነበረው አንድ በር ላይ እርስ በርሱ ተረጋገጠ። እማማ አስካለ ክንዳቸው ተሰበረ። አሁን ጊዜው ያስፈራል ብለው እንደገና አንድ በር፣ እሱም ወደ ግቢ። ነሐሴ ላይ ሐሳቡ ሲነሳ ስቃወም «ሽማግሌ ተዳፈረች» ተባልኩ። ሦስት ወር ከመዘምራን ታገድኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። 11፡30

ጋሽ ማርቆስ፣ የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የተከራየሁት ክፍል ድረስ መጡ። ሙዝ ይዘው። በልጅነቴ ሰንበት ት/ቤት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ያለኝ ወንበር አንድ ነው፤ እኔ አልጋው ላይ። ማዘጋጃ ቤቱ የተለወጠውን ፕላን ያለ መሐንዲስ ፊርማ አልቀበልም ብሏል። ከፈረምኩ እሑድ እገዳው ይነሳል።

«ሰናይት፣ ጊዜውን እያየሽው ነው። በር ሲበዛ ማን ገባ ማን ወጣ አይታወቅም።»

«የደነገጠ ሰውስ በየት ይውጣ፣ ጋሼ?»

«እሱን ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል። የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»

ሳቁ። ምላስሽ ዛሬም አላረፈም አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሱ ጸለዩ፤ የዚህችን ልጅ ልብ ስለመለስክ እናመሰግንሃለን፣ ምናምን። አሜን አልኩ። ከልማድ። ጸሎት ሲያልቅ ሌላ ምን ይባላል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። 12 ሰዓት

መዘምራኑ ልምምድ ላይ ናቸው። ድምፃቸው መስኮቴ ድረስ ይመጣል። ሁለተኛው ድምፅ ሳስቷል፤ የእኔ ቦታ ነበር። አጠገቤ ቆማ ትዘምር የነበረችው ብርቱካን ትናንት ገበያ ላይ አይታኝ መንገድ ተሻገረች። እናቴ ከማሻ ደወለች። ደህና ነኝ አልኳት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ነይ አለች።

ብፈርምስ? አንድ ፊርማ። እስክሪብቶ አወጣሁ። ጋሽ ማርቆስ ጥለውልኝ በሄዱት ፕላን ላይ ለፊርማ የተተወውን ባዶ ቦታ ብዙ አየሁት። ጠቀለልኩት። አለቀስኩ። ደብተሬ፣ ለማንም አትንገሪ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። 7 ሰዓት፣ ከአምልኮ መልስ

መጋቢው ስሜን ጠሩ። እህታችን ተመልሳለች፣ ፕላኑንም ትፈርማለች አሉ። ለካ ጋሽ ማርቆስ አሜኔን እሺታ አድርገው ነግረዋቸዋል። የዋሹ አይመስለኝም። ከልባቸው አምነውበታል፤ ፊታቸው ያበራ ነበር። እልልታ። ብርቱካን ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። በሁለት ወር ውስጥ የነካኝ የመጀመሪያ ሰው። እቅፏ ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ዝም ብዬ መቅረት ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ተናገርኩ።

«ሽማግሌዎች ፊት መጮኼ ጥፋት ነው፤ ይቅር በሉኝ። ለጋሽ ማርቆስ አሜን ያልኩት ግን ጸሎት ስላበቃ ነው። በሩ ካልተከፈተ አልፈርምም።»

ከኋላ አንዲት ሴት ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ አለች። የብርቱካን እጅ ከትከሻዬ ወረደ። መጋቢው ቶሎ መዝሙር አስጀመሩ። ስንወጣ የጨበጠኝ የለም። እማማ አስካለ እንኳ ቀና አላሉም።

ሌላ መሐንዲስ ፈልገው ያስፈርማሉ። ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅባቸውም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ማዘጋጃ ቤቱ ሲከፈት እገባለሁ። አንዱ በር እንዴት እንደተዘጋ፣ አምና ምን እንደደረሰ፣ ሁሉንም በጽሑፍ። ከሥሩ ሙሉ ስሜ። ከአባልነት ቢሰርዙኝ ይሰርዙኝ።

ግልባጩን ለጋሽ ማርቆስ ቤታቸው ድረስ እወስዳለሁ። ሰው አልልክም።