ማዋለጃ ክፍሌን ለያዙት የአፍሪካ መንግሥታት

ለአፍሪካ የመንግሥታትና የኢኮኖሚ ንጽጽር ቢሮ ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ ከየጉዞው ይዘዋቸው የሚመለሱት ሻንጣዎችስ ደኅና ናቸው? እኔ በዚህ ጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገልኩ አዋላጅ ነኝ፤ ባለሁበት፣ ማለትም በኮሪደሩ ላይ፣ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ቢሮዎ ለሦስት ሳምንት ብሎ ማዋለጃ ክፍሌን ከተዋሰ እነሆ ሦስት ዓመት ሞላው። ከዚያ ወዲህ እናቶች የሚወልዱት ኮሪደሩ ላይ፣ ክፍሉ አልበቃ ብሏቸው በወጡት የመጻሕፍት መደርደሪያዎችዎ መካከል ነው። ሴት ልጄ በዚህ ወር የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለችና ክፍሌን እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። ከልመናዬ በፊት ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. አልጋችን በግራ ፌዴራላዊ፣ በቀኝ አሃዳዊ መንግሥታትን ተደግፎ ስለቆመ፣ የቦትስዋናን ፕሬዚዳንት ፓርላማው እንደሚመርጥ፣ ሌሶቶም ንጉሥ እንዳላት ሳታነብ ወልዳ የምትሄድ እናት የለችም። ባለፈው ወር የነዳጅ ሻጭ አገሮች መደርደሪያ ተደርምሶ የአንዲት ወላድ ባል እግር ላይ ወደቀ። የነዳጅ ሀብትን ጣጣ እንደ እሱ በቅርብ ያወቀ ሰው በአህጉሩ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፪. ባለሙያዎ መጠይቃቸውን ይዘው ምጥ ላይ ያለች ሴት ዘንድ ቀርበው፣ ሥልጣን ከማዕከል ወደ ክልል ቢወርድ ትስማማ እንደሆነ ስለጠየቁልን አመሰግናለሁ። ጩኸቷን «በጣም እስማማለሁ» በሚለው ሣጥን መዘገቡት። ስለ ግብር ሲጠይቋት ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም ብትል ደግሞ አስተያየት የላትም ተባለ።

፫. ክፍሉ እንዲመለስልኝ ሰባት ጊዜ ብጽፍ፣ ሌሎች አገሮች የተዋሱትን ክፍል እንዴት እንደሚመልሱ ሳያነጻጽሩ መወሰን ችኮላ ይሆናል ብለው አምስት አገር ዞሩ። በሄዱበት ሁሉ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ቢሮ ስላላገኙ፣ የሚነጻጸር ጠፍቶ ጥናቱ ተቋረጠ። በዚህ ዘርፍ እኛ አንደኛ መውጣታችንን ከሪፖርትዎ አንብቤ ኮርቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ያ ክፍል ውሃ፣ መብራትና የሚዘጋ በር አለው፤ ኮሪደሩ አንዱም የለውም። የሌላ ሰው ልጅ ሳዋልድ አልፈራም፣ የገዛ ልጄ ስትሆን ግን እፈራለሁ።

መልስዎን ከየትኛውም አገር መልስ ጋር ሳያነጻጽሩ እንዲልኩልኝ እየለመንኩ፣ ለአህጉራዊ ድካምዎ ያለኝን የማይለካ አክብሮት ከደጃፍዎ ላይ፣ ይኸውም ከሥራ ገበታዬ ላይ ሆኜ፣ እጅ ነስቼ እገልጻለሁ።

የኮሪደሩ አዋላጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ልጄን ምጥ ያዛት። ክቡርነትዎ ስድስተኛው አገር ላይ ስለነበሩ ጥበቃው በሩን ከፈተልኝና ጠረጴዛዎ ላይ አዋለድኳት። ሕፃኗ ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ትመዝናለች። ቢሮዎ በሦስት ዓመት ውስጥ ያስገኘው የመጀመሪያ ውጤት ናትና እንኳን ደስ ያለዎት። መደርደሪያዎችዎን ግቢው ውስጥ ከዛፉ ሥር ያገኟቸዋል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ክፍሉን እንደገና መዋስ ከፈለጉ ማመልከቻ ያስገቡ፤ ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚያደርጉ አጥንቼ እመልስልዎታለሁ።