በበጋ ዝናብ የራሰው ደብዳቤ

ዛሬ ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን ነው፤ ሰማዩ የክረምት ቢመስልም ቀኑ ይኸው ነው። እኔ፣ ሰፈርተኛው «አባ ዶሴ» የሚለኝ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ይህን የኑዛዜ ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ደህና ነው። ግራ የሚያጋባው ነገሩ ራሱ ነው። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ መድኃኒት ሻጯ ናት፤ ልብስ ሰፊው ወዳጄም ይሰማል።

ቤቱን ለአንድያ ልጄ ሰጥቻለሁ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከእኔ ይልቅ ለሰው ቅድመ አያት ትጨነቃለህ» እያለች ሳሎኗን የሰው የቤተሰብ ወረቀት ለያዙ ሣጥኖቼ የለቀቀች ሴት ናት። ልጄ ሳሎኑን መልሳ ሳሎን ታድርገው።

የዝናብ መዝገቤም የእሷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀኑ ጽፌዋለሁ፤ እስከ አምና ድረስ በየካቲት አንድም ጠብታ አልሰፈረበትም። ይህንኑ አምኜ፣ መደርደሪያውን ቀለም ልቀባ ብዬ የሦስት ደንበኞቼን ሣጥኖችና የራሴን ሣጥን ወለል ላይ አወረድኳቸው። አምና በየካቲት ዘነበና ጎርፍ በበር ገባ። ራዲዮኑ የአየር ንብረት ተለውጧል ሲል እሰማ ነበር፤ የራሴ መዝገብ በለጠብኝ። ልጄ ሆይ፣ መዝገቡን ጠብቂው፤ ሰማዩንም ግን ቀና ብለሽ እዪ።

ወደ ታናሽ ወንድሜ ልምጣ። ከመሥሪያ ቤት ለቅቄ የሰዎችን የቤተሰብ ወረቀት እየደረደርኩ በግሌ ልሠራ ስነሳ «ጤና የለህም እንዴ? ለአሮጌ ወረቀት ማን ይከፍልሃል?» አለኝ። «ደጄን እንዳትረግጥ» አልኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልረገጠም። ይህን ያህል ቃል አክባሪ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሥራውስ? አለቃውም ሠራተኛውም እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱ ሲጣሉ ገላጋይ አልነበረም። ወንድሜ ትክክል ነበር ወይስ እኔ፣ አሁንም አልለየልኝም።

የራሰውን ወረቀት በልብስ ገመድ ላይ ሳሰጣ አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። ከላይ የተቀባዩን፣ ከታች የላኪውን ስም ውሃ ወስዶታል፤ ቀለሙ ስለፈሰሰ የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ አይለይም። መሐሉ ላይ «ያለፈው አልፏል፤ ብቻ እንገናኝ» ይላል። የሰው ወረቀት ስደረድር የራሴን ፖስታ ሳልከፍት ሣጥኔ ውስጥ እወረውር ነበር። ከወንድሜ ይሆን? ወይስ የደንበኛ ነው? ዓመት ሙሉ አገላበጥኩት። በእኛ ሙያ ምንጩ ያልታወቀ ወረቀት ለማንም አይሰጥም፤ እኔ ደግሞ ለወንድሜ ላወርሰው እፈልጋለሁ።

«ሰውዬው በሕይወት አለ አይደል እንዴ፣ ጋሼ? ለምን አይጠይቁትም?» አለኝ ልብስ ሰፊው።

«ሰው ይረሳል፤ ወረቀት ይሻላል» አልኩት።

«ይኸው ወረቀቱም ረስቷል እኮ» አለች መድኃኒት ሻጯ፣ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ አንሥታ።

እዚህ ላይ ተረታሁ፤ ይህም ይጻፍ። ልጄ አሁኑኑ ለወንድሜ ትደውልለት።

ምስክሮች፦
ልብስ ሰፊው፣ ፈርሟል።
መድኃኒት ሻጯና ጸሐፊዋ፣ ፈርማለች።
ታናሽ ወንድም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በዝናብ ርሶ ደርሷል፤ ፈርሟል።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ወንድምየው ደብዳቤውን አንብቦ «እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም» ካለ በኋላ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ተናዛዡ፣ ታዲያ ደብዳቤው የት ይመደብ ተብለው ሲጠየቁ «እንጃ፤ መጀመሪያ የእሱ ልብስ ይድረቅ» ብለዋል።