ለሃጂራ ያልነገርናት

እንደ አባት ሆነው ላሳደጉኝ ወንድሜ ለጋሼ በየነ፤ ጎሬ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ ዛሬም እንደያዘዎት ነው? እትዬ ፅጌስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የጎሬ ዝናብ ዘንድሮም አላስወጣ አላስገባ ብሏችሁ ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ከእርስዎ ደብቄ የት እደርሳለሁ።

መምህር ገብረወልድ የሚባሉ አዲስ አስተማሪ መጥተው ሁላችንንም በአንድ ክፍል ማስተማር እንደጀመሩ ጽፌልዎት ነበር። የጤና መኮንን ተማሪው፣ ሳኒቴሪያኑ፣ እኛ ነርሶቹም አንድ ላይ። በሽተኛው አንድ ሰው ነው፣ እናንተ ቦታ ቦታውን አትከፋፈሉት ይሉን ነበር። እኛ ግን አንድ ክፍል ገብተንም መኮንኖቹ ከፊት፣ ነርሶቹ ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ነርስ ከመኮንን ቀድማ አፏን ከከፈተች ደፋር ትባላለች። መምህሩ ይህ ቀስ እያለ ይለቃችኋል አሉ። የት ሊለቀን።

ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሦስት አድርገው ወደየሰው ቤት ላኩን። እኔ የደረሰኝ ከደበላና ከባጫ ጋር ነው። ደበላ የመኮንን ተማሪ ነው፤ ባጫ ደግሞ ሳኒቴሪያን ነው፤ የሚማረው ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት ነው። የሄድንበት ቤት ከማዞሪያው ዝቅ ብሎ ያለ ነው። ከሊፋ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ የሥጋ ደዌ ይዞት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ በኋላ ሊወጣ ነበር። በሽታው ድኗል፣ እግሮቹ ግን ደንዝዘው ቀርተዋል፤ እሳት ቢነካቸው አያውቅም። የእኛ ሥራ ሚስቱን ሃጂራን እንዴት እንደምትይዘው ማስተማር ነበር።

ሃጂራ ቤት ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር አምጥታ ለደበላ ሰጠችው። እኔና ባጫ ቆምን። ደበላ ስለ ክኒኑ ተናገረ፣ ባጫ ጓሮ ዞሮ ስለ ጉድጓዱ ተናገረ። የእግሩን ነገር፣ ሙቅ ውሃ እንዳይነካው መንገሩ የእኔ ፈንታ ነበር። ደበላ ዞር ብሎ አንቺስ እስኪለኝ ጠበቅሁ። እሱ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ፣ እኔም ተከትዬው ወጣሁ። ለካ እሱ ነርሷ ሌላ ቀን ተመልሳ ትነግራታለች ብሏል፤ ባጫ ደግሞ ደበላ ነግሯታል ብሏል።

ከሊፋ ቤቱ የገባ ዕለት ብርድ ነበር። ሃጂራ ከመንገድ እንደመጣ ሰው እግርህን ልጠብህ ብላ ውሃ አሙቃ ከማንቆርቆሪያ ታፈስለት ጀመር። ሙቀቱ አልበዛብህም ስትለው፣ ኧረ ለብ እንኳ አላለም፣ ጨምሪ ይላታል። ቆዳው ሲላጥ ያየችው እሷ ናት። አሁን ተመልሶ ተኝቷል፤ አንዱ እግሩ ይቆረጣል ተብሏል።

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ጠርተው ጠየቁን። ደበላ ነግረናታል አለ። ባጫም ነግረናታል አለ። እኔም፣ ጋሼ፣ ነግረናታል አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ሦስታችን አንድ ቃል የሆንነው ያኔ ብቻ ነው። መምህር ገብረወልድ ቀና ብለው አዩኝ። ያም ሆኖ በዚሁ ሰበብ የጋራው ትምህርት ተማሪ ያባልጋል ተብሎ ቀረና ሁላችንም ወደየክፍላችን ተመለስን። የከሊፋ ወንድሞች ደግሞ እየተነገራት ነው ያቃጠለችው ብለው ሃጂራን ከቤቷ አስወጧት።

ትናንት አየር ጤና አክስቷ ቤት ፈልጌ አገኘኋትና እውነቱን ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን እኔ እኮ ነግራችሁኝ የረሳሁ መስሎኝ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት አለችኝ።

ጋሼ፣ ሰኞ ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ አልነገርናትም እላለሁ። ደበላ አብደሻል፣ ልትመረቂ ጥቂት ሲቀርሽ ያባርሩሻል ብሎኛል። ያባርሩኝ። ለዚህ አይደለም ያሳደግሁሽ ብለው እንዳያዝኑብኝ ብቻ ነው የምፈራው።

ለእትዬ ፅጌ እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ። አጎቴን ገብረአምላክን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እማማ ሸዋረጋን ጸሎታቸው እንዳይለየኝ ይበሉልኝ። ልጆቹን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ ነርሷ አክስታችን እያሉ ለሰው ማውራታቸውን ግን ለጊዜው ይተዉት።

እህትዎ ዘመነች
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.