ከጉልበቴ ሥር ያለው ትራስ

ውድ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ታላቄ፣

ባለቤቴ ፊቴን በምላጭ አልቆረጠውም። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ትናንት በስልክ “መጥቼ አንተንም ባልላጭህ!” ስትዪው በጆሮዬ ስለሰማሁሽ ነው። ደውዬ እንዳልነግርሽ ስልክ ጆሮዬ ላይ መለጠፍ ተከልክያለሁ፤ ስፌቱ ያለው እዚያው ነው። ብዙ ማውራትም አይፈቀድልኝም፤ ይህ ለእኔ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

እውነቱን ተናግሬ ልገላገል። ጥርሴን ተነቅዬ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ፊቴን አስወጥሬ ነው። ከጆሮዬ ፊት ጀምረው እስከ ማጅራቴ ድረስ ከፈቱት፣ ቆዳውን ወደ ላይ ሳቡት፣ ትርፉን ቆርጠው ሰፉት። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ለጊዜው ያበጠና ቢጫ የሆነ ፊት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ይወርዳል ብለውኛል።

ቀዶ ሕክምናውማ ምን አለበት፣ ተኝቼ አለፈ። ጉዱ የፈላው ቤቴ ገብቼ መተኛት ሲያቅተኝ ነው። ሲስተሯ ስታሰናብተኝ ጣቷን እየቆጠረች ነገረችኝ። “እማማ፣ ሁለት ሳምንት በጀርባ ብቻ ነው የሚተኙት። ጭንቅላትዎ ከፍ ይበል፣ እብጠቱ እንዲወርድ። ደግሞ ትራስ ከምረው አንገትዎን እንዳያጥፉት፣ ከወገብዎ ጀምሮ ነው ከፍ የሚሉት። በጎን መተኛት የሚባል ነገር የለም!” እማማ ያለችኝ ፊቴን አስወጥሬ ከወጣሁ በኋላ መሆኑን ልብ በይልኝ።

እኔ ደግሞ ከእናታችን ሆድ ጀምሮ በጎኔ የተኛሁ ሰው ነኝ። ቦታውን ሁሉ አንቺ ይዘሽው ምን ምርጫ ነበረኝ?

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አልጋችን ላይ ሞከርነው። ባለቤቴ በግራና በቀኜ ትራስ ገደገደና ራሱ እግሬ ሥር ተቀምጦ ዘብ ቆመ። ገና ዓይኔን ስከድን “ዞርሽ!” ይለኛል። አልዞርኩም እለዋለሁ። “ልትዞሪ ነበር” ይላል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ደክሞት ሲያንኮራፋ እኔም ዞርኩ። ስነሳ ግራ ጉንጬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ሐኪሙ ተቆጣኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ጥፋቱን ለራሱ ወስዶ ምሳ አልበላም አለ።

በማግስቱ አንድ ሐሳብ መጣለት። ፀጉር ቤቱ ከሳሎናችን በአንድ በር ብቻ እንደሚለይ ታውቂያለሽ። ያ ከአባቱ የወረሰው ከባድ ወንበርም ትዝ ይልሻል፤ እጀታውን ሲጫኑት ወደ ኋላ ጋደም ይላል፣ ራስ ማስደገፊያ አለው፣ ክንድ ማሳረፊያው ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። “ሠላሳ ዓመት ሰው አጋድሜ ስላጭ እዚህ ላይ የተገላበጠ ደንበኛ አላየሁም” አለኝ። በምሳ ሰዓት መጋረጃውን ዘግቶ አስተኛኝ። ብርድ ልብሱ ሳሎን ስለነበር እጁ ላይ የመጣለትን ነጭ የደንበኛ ጨርቅ አለበሰኝና፣ ልማድ አይለቅም፣ አንገቴ ላይ ሸብ አደረገው። ከሕክምናው ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

እሱ ደግሞ እጁ ሥራ ሲፈታ አይወድም። አጠገቤ ቆሞ እያንጎራጎረ ምላጮቹን ይስል ጀመር።

ፖስተኛው በመጋረጃው ክፍተት ያየን ያኔ ነው። ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሴት፣ አንገቷ ሥር ቡናማ የመድኃኒት ነጠብጣብ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ዝም ብላለች፤ ባሏ አጠገቧ ምላጭ ይስላል፣ ያውም እየዘፈነ። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር።

ፖስተኛ ደግሞ ወሬ ለማድረስ ከማንም የተሻለ ነው፤ ቤት ለቤት መሄዱ እንደሆነ ሥራው ነው። በበነጋው ፀጉር ቤቱ ጭር አለ። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚላጨው፣ አገጩን በእጁ ሸፍኖ ማለፍ ጀመረ። በአራት ቀን ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ጢም አበቀለ። ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ “እትዬ ምን ሆነው ነው?” ብሎ ጮኸ።

“ጥርሷን ተነቅላ ነው!” አለ ባለቤቴ።

“በጆሯቸው በኩል?”

ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፣ እሱም ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም። ባዶ ወንበሩን ይወለውላል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ ያንኑ ጋዜጣ መልሶ ያነብባል። እኔ ግድግዳው ማዶ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። አራት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፣ እህቴ። የእኔ ምስጢር ከሚወጣ የእሱ ስም ይጥፋ ያልኩ ያህል ነው። አፈርኩ፤ ግን ዝም አልኩ።

ወሬው አንቺ ዘንድ ደረሰና ትናንት ደወልሽ። አንድ ጆሮው በማሽን ድምፅ ስለደከመ ሁልጊዜ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው፤ ስድብሽን ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። እሱ ጥርስ ይላል፣ አንቺ ፖሊስ ትያለሽ። በመጨረሻ “ታዲያ አሁን የት ነው ያለችው?” አልሽው።

“ወንበሩ ላይ ተኝታለች።”

“እንዴት ሆና?”

“በጀርባዋ። ከወገቧ ከፍ ብላ። እንዳትዞር በጎንና በጎኗ ትራስ አድርጌላታለሁ።”

ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ዝግ ብለሽ፣ “ከጉልበቷ ሥርም ትራስ አድርግላት” አልሽ። “ያለዚያ ቁልቁል ትንሸራተታለች። አንገቷ እንዳይታጠፍ። ስትነሳም ብቻዋን አትነሳ፣ ያዞራታል።” ብለሽ ዘጋሽው።

ባለቤቴ ትራሱን ፍለጋ ሄደ። እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ትራስ ከጉልበት ሥር መግባቱን እኔ እንኳ ያላወቅሁትን፣ ሲስተሯም የረሳችውን፣ አንቺ ከየት አመጣሽው?

ከሦስት ዓመት በፊት ወገቤን ብለሽ የተኛሽ ጊዜ ትዝ አለኝ። አሥር ቀን ማንም አይምጣብኝ አልሽ። በአሥራ አንደኛው ቀን በግድ ስገባ ያ ሰፊ ሶፋ ላይ ጋደም ብለሻል፤ ጥቁር መነጽር፣ እስከ አገጭ የተጠመጠመ ሻርፕ፣ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ። መነጽሩስ ብዬ ስጠይቅሽ “ብርሃን ወገቤን ይቀሰቅስብኛል” አልሽኝ፣ እኔም አመንኩሽ! አንቺ ሴት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ በቅባት ያሸሁት ወገብ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። እኔን ነው ከዚያ በኋላ ወገቤን ያመመኝ።

ተናድጄ ሳቅ መጣብኝ፣ ሳቅ ደግሞ ተከልክያለሁ። ፋሻዬን በሁለት እጄ ይዤ በአፍንጫዬ ሳቅሁ።

እንባውም አብሮ መጣ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት በልጅሽ ሠርግ ፎቶ አንሺው እኔን “እናትየው ወደ መሃል ይግቡ፣ እህትየው ወደ ዳር” አለኝ። የልጅሽ እህት መስለሽው እህትየው ያለው አንቺን ነው። አንቺ “መንታ ነን!” ብለሽ ተቆጣሽው፣ እሱም አንዴ አንቺን አንዴ እኔን እያየ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን መስታወት ፊት ቆምኩ። ልጅነት አልናፈቀኝም። ስልሳ ዓመቴን አልጠላሁትም። ሰው የሚያደናግረው ያ የሁለታችን ፊት ነው የናፈቀኝ፤ አንዳችን ስናጠፋ ሌላዋ የምትገረፍበት። ብቻዬን ትቼው ያረጀሁ መሰለኝ። ሌላው ወጣት ለመምሰል ፊቱን ያስወጥራል፤ እኔ አንቺን ለመምሰል ነው።

ለካስ አንቺም ፊትሽን ከሐኪም ነው ያመጣሽው!

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ የፀጉር ቤቱን መጋረጃ ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ከነፋሻዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ፖስተኛውን በእጄ ጠቀስኩት። ልብስ ሰፊውም ተከትሎት ገባ። “ባለቤቴ ምላጭ አላነሳብኝም” አልኳቸው። “በገዛ ፈቃዴ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ፊቴን አስወጥሬ ነው። ያንን ለነገራችሁት ሰው ሁሉ ይህንንም አድርሱ።”

ከባለቤቴ እጅ ብሩሹ ወደቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ “ብዙ አትናገሪ፣ ስፌቱ!” ብቻ አለኝ።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ፋሻው ያልሸፈነውን ስፌት ለማየት ከጆሮዬ ኋላ ጎንበስ አለ። “አቤት ንጽሕና! ማን ነው የሰፋው?” አለ። ፖስተኛው መስታወቱ ፊት ቆሞ የአገጩን ሥር በሁለት ጣቱ ወደ ላይ ያዝ አደረገና “ይሄንንስ ያነሱታል?” ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ልብስ ሰፊው አራት ቀን ያበቀለውን ጢም እያከከ፣ “እንግዲህ እትዬ፣ ወንበሩን ቢለቁልኝ” አለ።

አሁን ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል፤ ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍናል። እኔ አልጋ የለኝም። ሶፋችን አያጋድምም፣ ዘብ ጠባቂዬም ሥራ በዝቶበታል። አምስት ቀን ይቀረኛል፣ እንዳልዞር የሚይዘኝ ሰው ያስፈልገኛል። እስክትወለጂ ድረስ ይዘሽኛል፤ አሁንም ነይና ያዢኝ።

ያንቺን ነገር ለባለቤቴም አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚሄደው ያው ፖስተኛ ስለሆነ ፖስታውን ሁለት ጊዜ ለጥፌዋለሁ፤ አገጩን እያሳየ የሐኪምሽን አድራሻ ከጠየቀሽ ግን ከፍቶ አንብቦታል ማለት ነው።

ስትመጪ ያንን የጉልበት ትራስሽን ይዘሽ ነይ። የወገብ ቅባቱን ግን እዚያው ተይው።

የአሥራ ሁለት ደቂቃ ታናሽሽ